እብጠቱም ሥራ ላይ ነው፦ ስለ አጥንት ሙሌት ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሐረጎ ላይ ከሞተር ወድቄ ቅልጥሜ ተሰበረ። ብረት ገባልኝ፤ ክፍተቱንም ነጭ ጠጠር በሚመስል ነገር ሞሉት። ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው፤ እግሬ አብጧል፣ ይሞቃል። ዳይክሎፌናክ ልጨምር? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በራስዎ አይጨምሩ። መጠነኛ እብጠት የጥገናው መጀመሪያ ነው። አጥንት በተሰበረ በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወደረጋው ደም ይገባሉ፤ በቀናት ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉት በላተኛ ሴሎች ይከተላሉ። ማክሮፌጆቹ መጀመሪያ ተቆጥተው ፍርስራሹን ይበላሉ። ኋላ ጠባያቸውን ለውጠው የደም ሥርና አጥንት ሠሪ ሴሎችን ይጠራሉ። ዳይክሎፌናክ የሚያግደው ፕሮስታግላንዲን የተባለ የሰውነት ንጥረ ነገር ከዚሁ ጥሪ አንዱ ነው፤ ስለዚህ በፓራሲታሞል መታገስ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ባትዎ ከተወጠረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ጋብ ያለው ሕመም ከተነሳ ግን ሳያድሩ ይሂዱ። ባክቴሪያ ሙሌቱ ላይ ከተለጠፈ በመድኃኒት ብቻ ማጥፋት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ሙሌቱ ዕድሜ ልክ ውስጤ ይቀራል? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እንደ ዓይነቱ ነው፤ ስሙን ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት ከሆነ በወራት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ዓመት ገደማ እየሟሟ በራስዎ አጥንት ይተካል። ሃይድሮክሲአፓታይት ግን ለዓመታት ይቆያል፤ አጥንቱ አቅፎት ያድጋል። ሙሌቱን የሚበሉት ኦስቲኦክላስት የተባሉ አጥንት በላ ሴሎች ከማክሮፌጅ ጋር የአንድ ዘር ናቸው።

ወሳኙ ቀዳዳው ነው። የእንጀራ ዓይንን ያስቡ፤ የሙሌቱ ዓይን ግን ውስጥ ለውስጥ መያያዝ አለበት፣ ደም ሥር የሚያልፈው በዚያ ነውና። ቢያንስ 100 ማይክሮን፣ ቢቻል ከ300 በላይ፣ ማለትም የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ቀዳዳ ከሌለው ወይም ስብራቱ ከተወዛወዘ፣ ማክሮፌጆቹ ሙሌቱን መዋጥ ሲያቅታቸው ተዋህደው ግዙፍ ሴል ይሆናሉ፤ ዙሪያውንም ጠባሳ ይከበዋል። በጠባሳ የተከበበ ሙሌት ከአጥንት ጋር አይገጥምም። «አትርገጥ» ከተባሉ አይርገጡ፤ ይህን በቀላሉ እንዳያዩት እንለምናለን።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፤ ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው። ስኳሩ ሲበዛ ማክሮፌጆቹ ከቁጣ ወደ ጥገና ለመዞር ይዘገያሉ። ስኳርዎን በየቀኑ ይለኩ። ሲጋራም መግጠሙን ያዘገያል።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ቢያሸኝስ?

መልስ፦ አይታሹ። የረጋው ደም የሴሎቹ ማረፊያ ነው፤ ማሸት ይበትነዋል፣ ሙሌቱንም ያንሸራትታል። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደግሞ ደም ይዘጋል፦ ጣትዎ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከገረጣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ እግሩ ሳይንቀሳቀስ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።