መልስ፦ የወንዙ «ባንክ» እና የገንዘቡ ባንክ

ወንድሜ፣ «ቀሃ ወንዝ ዳር ቁጭ አልኩ የሚለውን በእንግሊዝኛ ስፈልገው ባንክ አለኝ፤ ብር ቤቱ ነው እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም፣ በተለያየ በር የገቡ ቃላት ናቸው።

የወንዙ ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የመጣ ነው፤ ከፍ ያለ አፈር፣ ተዳፋት ማለት ነው። አውሮፕላን ሲታጠፍ ክንፉን ማዘንበሉን «ባንክ» የሚሉትም ከዚሁ ነው።

የገንዘቡ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከጣሊያንኛ በፈረንሳይኛ አድርጎ የገባ ነው። «ባንካ» አግዳሚ፣ ጠረጴዛ ነው፤ መንዛሪዎች ገበያ ላይ ሳንቲም የሚደረድሩበት። እንግዲህ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቡና ቤት ገብተህ ክንድህን የምታስደግፍበት ባንኮኒም የዚያው ጠረጴዛ ዘመድ ነው። ብሩ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ላይ የሚያልቀው ዝምድናው ስቦት ይሆን?

ወደ ጥንቱ ከሄድክ ደግሞ የሁለቱም ሥር ጀርመናዊ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ነው (እንግሊዝኛም የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎችም ያሉበት)፤ የሩቅ ዘመዳሞች በላቸው። «ደም ባንክ» ከማስቀመጥ የመጣ ነው፣ እሱ አያስቸግርህም።

ለትርጉምህ፣ አጠገቡ ወንዝ ካየህ «ዳር» በለውና እለፍ።