መልስ፦ «ኢንሳይድ» ላይ ፍንዳታው ጋ ተጣብቄ ቀረሁ

«ኢንሳይድ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ፣ በየጊዜው የሚደጋገመው ፍንዳታ ሞገድ የምታጫውተውን ልጅ የሚበታትንብህ ቀርፋፋ ስለሆንክ አይደለም፤ ያለ ሰዓቱ ስለምትነሳ ነው። ኮምቦልቻ ከሰው ጋር በምትጋራው ክፍል ድምፅ ዘግተህ እንደምትጫወት ጽፈሃል፤ ችግሩ እሱ ነው። ንግግር የሌለው ጨዋታ ስለሆነ ድምፁ ትርፍ ይመስላል። ግን ፍንዳታው የማይዛነፍ ምት አለው፤ ምቱ ደግሞ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የሚያዘው።

ኢርፎን ሰካ። ከሞገዱ የሚከልልህ ብረት ጀርባ ቆመህ ሁለት ሦስት ፍንዳታ ዝም ብለህ አዳምጥ። ከዚያ ሞገዱ ብረቱን መትቶ እንዳለፈ ወዲያው ሩጥ። ትንሽ ካመነታህ አትደርስም፤ ቀጣዩን ጠብቅ። ብረቱ የሚሽከረከር ከሆነ አብረኸው ዙር፤ ምንጊዜም ብረቱ በአንተና በፍንዳታው መሃል ይሁን።

ቁልፎቹ መሄጃ፣ መዝለያና መያዣ ብቻ ናቸው። በኋላ የሚጨመር ሌላ ቁልፍ ስለሌለ «የረሳሁት ነገር ይኖራል» ብለህ ወደ ኋላ አትመለስ።

ሰርጓጅ መርከቡ ላይ የምታሳድድህ ጸጉረ ረጅሟ የውኃ ውስጥ ፍጥረት ደግሞ ብርሃን ትፈራለች። ስትመጣ መብራቱን ወደሷ አዙር፤ ጀርባ ከሰጠሃት መስታወቱን ሰብራ ታሰምጥሃለች።

አንድ ጥንቃቄ፦ መቼ ሴቭ እንደሚደረግ የሚወስነው ጨዋታው ራሱ ነው፤ የተወሰኑ ቦታዎች ላይ ስትደርስ ብቻ። መብራት እንቆቅልሽ መሃል ከሄደብህ የሠራኸውን ትደግመዋለህ። በተለይ 20 ሰው ሰብስበህ መድረኩ ላይ የምታቆምበት ክፍል ረጅም ነውና የላፕቶፑ ባትሪ ሳይሞላ አትጀምረው።