የፍርድ ቤት ፍቺ በቁምስና ለምን አይበቃም? ለጠያቂዋ እህት

እህቴ፣ እጮኛሽ ቀደም ሲል በማዘጋጃ ቤት ተጋብቶ በፍርድ ቤት እንደ ተፋታ፣ የፍቺ ውሳኔውም በእጃችሁ እያለ የካቶሊክ ቁምስናችሁ (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችሁ) አስተዳዳሪ ካህን፣ ቆሞሱ፣ የተክሊል (የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ) ቀን አልቆርጥም እንዳሏችሁ ጽፈሻል። «ቤተ ክርስቲያን ከሕግ በላይ ናት ወይ?» ብለሽም ጠይቀሻል። የእኔና የባለቤቴ ጉዳይ ይኸው ስለ ነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አንደኛ፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዘሽ ከአባ ጋር አትሟገቺ። ውሳኔው በመንግሥት ዘንድ ሙሉ ነው፤ ንብረት ያካፍላል፣ ልጅ ማን ዘንድ እንደሚያድግ ይወስናል፣ ቀለብ ይቆርጣል። ቤተ ክርስቲያንም አትንቀውም። የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት ትምህርት መጽሐፍ፣ ካቴኪዝሙ ራሱ፣ የልጆችን አያያዝና የውርስ መብትን ለማስከበር ሌላ መንገድ ሲጠፋ በመንግሥት ሕግ መፋታት ሊፈቀድ እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን የተጠመቁ ወንድና ሴት በሥርዓቱ የፈጸሙትንና አብረው የኖሩበትን ጋብቻ የትኛውም ዳኛ አይፈታውም። ስለዚህ አባ ማወቅ የሚፈልጉት የመጀመሪያው ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ዓይን የጸና ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ነው።

መልካሙ ዜና እዚህ ላይ ነው። ካቶሊክ የሆነ ሰው በካህንና በሁለት ምስክሮች ፊት የመጋባት ግዴታ አለበት። ያለ ጳጳሱ ፈቃድ በማዘጋጃ ቤት ብቻ ከፈረመ ሥርዓቱ ጎድሏልና ቤተ ክርስቲያን ያንን ጋብቻ የጸና ብላ አትቀበለውም። ጉዳዩ በሰነድ ተጣርቶ በሀገረ ስብከቱ ይወሰናል፤ ወደ ረጅሙ የቤተ ክርስቲያን ችሎት አይገባም። በተክሊል ተጋብቶ ቢሆን ኖሮ ግን ዳኞች ጋብቻው ከመነሻው ባዶ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነበረባቸው። እርሱም ቢሆን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጡት ማሻሻያ ወዲህ ቀልሏል፤ ሁለተኛ የሚያጸና ፍርድ መጠበቅ ቀርቷል። ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ፤ ሁለት የተጠመቁ ፕሮቴስታንቶች በማዘጋጃ ቤት ብቻ ቢጋቡ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን የጸና አድርጋ ነው የምታየው። ስለዚህ የጎረቤትሽን ልምድ ለራስሽ አታውይው።

ሁለተኛ፣ አዲስ የተጻፈ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። በቤት ሣጥን የተቀመጠው አሮጌው አይሆንም፤ ምክንያቱም ሰው ተክሊል ሲፈጽም በተጠመቀበት መዝገብ ኅዳግ ላይ ይጻፋል። ባለቤቴ የተጠመቀው ሆሳዕና አካባቢ ነው። ራሱ ሄደ። ያ ትልቅ መዝገብ ሲገለጥ ስሙ፣ የክርስትና አባቱ ስምና ያጠመቁት ካህን ፊርማ በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም ተጽፎ፣ ኅዳጉ ነጭ ሆኖ ተገኘ። እዚያው አዲስ ወረቀት ጻፉለት። ከዚያ በኋላ አባ ያልጠበቅነውን ጠየቁ፦ «ለልጁ ቀለብ ትከፍላለህ?» በወቅቱ ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ጥያቄው ግን ከሕገ ቀኖና፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ፣ የመጣ ነው። ከቀድሞ ትዳር ልጅ ያለው ሰው ግዴታውን ሳይወጣ እንዳያገባ የጳጳሱ ፈቃድ ይጠየቃል። የባንክ ደረሰኞቹን አቀረበ። የመጀመሪያው ጋብቻ አልጸናም ማለት ልጁ አባት የለውም ማለት እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ቀን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኔንም አከበርኳት።

ሦስተኛው ስለ መንግሥት ቢሮ ነው፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከሠርጋችን በኋላ ጋብቻውን ለማስመዝገብ ወደ ወረዳ ሄድን። ባለሙያው የቁምስናውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት አየና በእስክሪብቶው ጫፍ ወደ እኔ ገፋው። «ይህ የቄስ ወረቀት ነው። ጋብቻ የሚባለው እዚህ ሲፈረም ነው፤ አራት ምስክር ይዛችሁ ኑና እንደገና ተጋቡ» አለን፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። «ድጋሚ ብትፈርሙ ምን ትጎዳላችሁ?» ብሎም ሳቀ።

ምን እንደምንጎዳ አውቅ ነበር። በተክሊላችንና በዚያ ቀን መካከል ባለቤቴ በስሙ ባጃጅ ገዝቷል። የጋብቻችን ቀን ያ የቢሮ ቀን ተብሎ ቢጻፍ፣ ባጃጁ ከጋብቻ በፊት የተገኘ የግል ንብረት ይመስላል፤ ነገ አንድ ነገር ቢመጣ እኔ ምን ይዤ እከራከራለሁ? ደግሞስ በእግዚአብሔር ፊት የገባሁትን ቃል ኪዳን እንዳልነበረ አድርጌ ልፈርም? አልፈርምም አልኩት። የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን፣ ቅጂውን ይዤ ነበር። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሁሉንም ያውቃል፤ በማናቸውም ሥርዓት ቢፈጸም ይመዝገብ ይላል እንጂ ይደገም አይልም። የሚጸናውም ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው። «እኛ የምንሠራው በመመሪያ ነው» አለኝ። መመሪያውን አሳየኝ ስለው የሚያሳየኝ አጣ። ኃላፊዋ ዘንድ ገባሁ፤ አንቀጽ 28ን እዚያው ቆማ አነበበችና ጠርታ አስመዘገበችን። ዛሬ በመንግሥት የምስክር ወረቀታችን ላይ የጋብቻ ቀን ተብሎ የተጻፈው የተክሊላችን ቀን ነው።

አንቺም ከሠርጉ በኋላ 30 ቀን ሳይሞላ አስመዝግቢ። እኔ ይዤው የሄድኩት የቤተሰብ ሕግ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልል የምትኖሩ ከሆነ የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ ያዢ። የፍቺ ውሳኔውንም አትጣዪው፤ መንግሥት በጋብቻ ላይ ጋብቻ ስለማይፈቅድ ቁምስናውም ይጠይቃችኋል። አሁን ግን በመጀመሪያ እጮኛሽን ወደ ተጠመቀበት ቁምስና ላኪው። የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ከአባ እጅ እስኪገባ ድረስ ለአዳራሽ ቀብድ አትክፈሉ፣ የጥሪ ካርድም አታሳትሙ።