ለገና አገር ቤት ለምትገባው እህታችን፦ አራቱን ጠለቃ የት ትጨርስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላነበቡት በአጭሩ ልድገመው። የስኩባ (አየር ተሸክሞ የመጥለቅ) ትምህርቱን ንድፈ ሐሳብና የገንዳውን ልምምድ ቨርጂኒያ ጨርሰሻል፤ በክፍት ውኃ የሚሠሩት አራት ጠለቃዎች ቀርተውሻል። እዚያ ያለው ሐይቅ በዚህ ወቅት ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ስለሚገባ፣ ለገና አገር ቤት ስትመጪ ከሻርም ኤል ሼክ፣ ከጅቡቲና ከዛንዚባር በአንዱ ልትጨርሺው አስበሻል።

እኔም የገንዳውን ክፍል ፍራንክፈርት ጨርሼ የቀረውን ቀይ ባሕር ላይ ነው የሠራሁት፤ ሌሎቹን ሁለቱንም በኋላ አይቻቸዋለሁ። በገና ሰሞን ከሆነ መልሴ ዛንዚባር ነው፤ ያውም የደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው የትኛው ባሕር ይበልጥ ያምራል ብሎ ነው። ለእነዚህ አራት ጠለቃዎች ውበት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። የምትሠሪውን አስቢው፦ አሸዋ ላይ ተንበርክከሽ መነጽርሽን ውኃ ትሞዪና መልሰሽ ታስወጪያለሽ፤ መተንፈሻውን ከአፍሽ አውጥተሽ ፈልገሽ ትመልሺዋለሽ፤ ከጓደኛሽ አየር ትጋሪያለሽ፤ ወለሉን ሳትነኪ ባለሽበት ትንሳፈፊያለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠለቃዎች ከ12 ሜትር፣ የኋለኞቹ ከ18 ሜትር አይወርዱም። ዓይንሽ ያለው አስተማሪው እጅ ላይ ስለሆነ ኤሊ በአጠገብሽ ቢያልፍ እንኳን ላታዪው ትችያለሽ። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ከአምስት እስከ ስምንት ሜትር ላይ አሸዋማ ወለል፣ የማይጎትት ውኃና የማያንቀጠቅጥ ሙቀት ነው። የበረደው ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አየሩ ፈጥኖ ያልቅበታል፤ ገንዳ ውስጥ በደንብ ያውቀው የነበረውን ነገር ይረሳል።

የሰሜኑ ቀይ ባሕር፣ ሻርምም ሆነ ዳሃብ ወይም ሁርጋዳ፣ ለጀማሪ እጅግ ጥሩ ነው። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ዳሃብ ላይ ደግሞ ጀልባ ሳያስፈልግ ከባሕሩ ዳር ተራምደሽ ትገቢያለሽ። ችግሩ ወሩ ነው። ነሐሴ ላይ 28 ዲግሪ የሚደርሰው ውኃ ጥር ላይ ወደ 22 ይወርዳል፤ ስትወጪ ደግሞ ነፋሱ ይጠብቅሻል። 22 ዲግሪ ሲነገር የሚሞቅ ይመስላል፤ ሦስት ሩብ ሰዓት ውስጡ ለቆየ ሰው ግን አይደለም። ጉዞሽ በበጋው የአሜሪካ ዕረፍት ቢሆን ኖሮ ያለማመንታት ዳሃብ እልሽ ነበር።

ጅቡቲ ለአዲስ አበባ ከሁሉም ይቀርባል፤ ውኃውም በጥር ከሻርም ይሞቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ አካባቢ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፤ እሱን ለማየት ደግሞ መጥለቅ አያስፈልግም፤ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚታየው። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ምርጫ ጠባብ ነው፤ አስተማሪውም ፈረንሳይኛ ብቻ አቀላጥፎ የሚናገር ሊሆን ይችላል። ትእዛዝ መቶ በመቶ ሊገባሽ በሚገባበት ሰዓት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በባብ ኤል መንደብ በኩል ስላሉት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ብዙ ቢወራልሽ ለጊዜው ተያቸው፤ የባሕር ጅረቱ ኃይለኛ ነው።

ዛንዚባር በዚህ ወቅት ከትንሹ ዝናብ ወጥታ ትልቁ ገና አልደረሰባትም፤ ውኃው 28 ዲግሪ ገደማ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ብዙ ቱሪስት የሚሄድበት፣ በሰሜን ምሥራቅ ያለው የምነምባ ደሴት ወገን ሊናወጥ ይችላል፤ በምዕራቡ፣ በስቶን ታውን ከተማ በኩል ያለው ግን ደሴቲቱ ራሷ ትከልለዋለች። እዚያ ፓንጌ የሚባለው ጥልቀት የሌለው የኮራል ሥፍራ ለልምምድ የተሠራ ይመስላል። የውኃው ጥራት የቀይ ባሕርን ያህል አይደለም፤ የአስተማሪሽን እጅ ለማየት ግን ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር። ስትጠልቂ ሰውነትሽ ናይትሮጅን ያከማቻል፤ ይህ ቀስ ብሎ ካልወጣ ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ይጎዳል። ለዚህ ነው ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ተቋም ከአንድ ጠለቃ በኋላ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን የሚመክረው። የእኛ ሰው ግን አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አያስብም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚስተካከለው ወደዚያው ከፍታ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ «አልበርም፣ በባቡር እመለሳለሁ» ማለት ምንም አያተርፍም፤ ባቡሩም ወደ ደጋው ነው የሚወጣው። እኔ አንድ ሙሉ ቀን ከባሕሩ ደረጃ ሳልለቅ እቆያለሁ። የመጨረሻውን ቀን ለስቶን ታውን መንገዶች ተዪው፤ አያስቆጭም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ከተቻለሽ ከገና በፊት ሂጂ። በበዓሉ ሰሞን በየቤቱ ስትዞሪ ጉንፋን ከያዘሽ የጆሮሽን ግፊት ማመጣጠን አትችዪም፤ አፍንጫው የታፈነን ሰው ደግሞ ጥሩ አስተማሪ አያወርድም። ነቢያትን የምትጾሚ ከሆነ ግን ጀልባው የሚወጣው ጠዋት ስለሆነ በባዶ ሆድ መግባት ጥሩ አይደለም፤ ይህንን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ሩዙ፣ ባቄላውና ኮኮናቱ ሞልቷል። የዓሣውን ክርክር እኔ አልገባበትም።

ለትምህርት ቤቱ ስትጽፊ በመጀመሪያ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቂ። ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት እስከ ስምንት ይፈቅዳል፤ እኔ ከአራት በላይ ከሆነ ሌላ እፈልጋለሁ። የገንዳውን ክፍል መጨረስሽን የሚያሳየውን የሪፈራል ወረቀት እንደሚቀበሉም አረጋግጪ፤ በፓዲ ደንብ የሚያገለግለው 12 ወር ነው። የጤና መጠይቁን እዚያው ቨርጂኒያ ሳለሽ አንብቢው። አስም፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ወይም የልብ ችግር ኖሮብሽ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪም መፈረም አለበት፤ ደሴት ላይ ደርሶ በዚህ ምክንያት ከጀልባ የወረደ ሰው አውቃለሁ።

ከዕቃው የራስሽ ይሁን የምልሽ መነጽሩን ብቻ ነው፤ በፊትሽ ልክ የተመረጠ መነጽር ውኃ አያስገባም። ሌላውን እዚያው ተከራዪ፤ ለመጥለቂያ ልብስም ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነው ይበቃሻል።