የቀበሌያችን ኩሬ ለምን አይበረክትም? ጥያቄና መልስ

ከሐርቡ፦ ጋሼ፣ ዋልካ ውሃ ይይዛል ብለን ቆፈርን፤ ጥር ላይ ደረቀ።

መልስ፦ ትነት ነው ስርገት? ማታ እንጨት ተክላችሁ ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፤ ማለዳ ከብት ሳይጠጣ እዩት። ሌሊት ትነት ትንሽ ነው፤ በጉልህ ከወረደ ስርገት ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወለሉን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ጓሉን አድቅቁ፣ ውሃ አርከፍክፉና በሁለት ዙር እየደለደላችሁ ጠቅጥቁ። አፈሩ ሲጨበጥ ድቡልቡል ሆኖ እጅ ላይ ካልተጣበቀ እርጥበቱ ልክ ነው።

ከሐይቅ፦ እኛ በሬና በግ ነድተን ነው የምንጠቀጥቀው።

ከቢስቲማ፦ ከብት ጎኑን አይረግጥም! የእኛ ያፈሰሰው በጎኑ ነው።

ከሐይቅ፦ ጎኑማ የሰው ሥራ ነው።

መልስ፦ ወለሉን በከብት፣ ጎኑን በእጅ መጠቅጠቂያ። በአንዴ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አትደልድሉ፤ ላዩ ይጠብቅና ሥሩ ልል ይቀራል። ውሃ ከያዘ በኋላ ግን ከብት አይግባበት፤ ገንዳውን ከግድቡ በታች ሥሩለት።

ከቆቦ፦ ልኩስ?

መልስ፦ አፉ 20 በ20፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ይሁን። 1 ሜትር ሲወርድ በየጎኑ 2 ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ወለሉ 8 በ8 ይሆናል፤ 624 ሜትር ኩብ ይይዛል። ቀጥ ያለ ጎን ይናዳል።

ከመርሳ፦ በሁለት ክረምት በደለል ሞላብን።

መልስ፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ጎርፉ በቀጥታ ከገባ ዘንድሮ ብትጠርጉት ለከርሞም ያው ነው። ከላይ ካለው ተዳፋት ጀምሩ፦ እርከን፣ የድንጋይ ክትር፣ ሣር። ቀጥሎ ከመግቢያው በፊት 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ሁለት ተከታታይ ቢሆን ይመረጣል። ጎርፉ እዚያ ሲበርድ አሸዋው ይቀመጣል። ቀጭኑ ጭቃ ግን ያልፋል፤ እርከንና ሣር ያልኩት ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁሉ ይጠረግ፤ አለዚያ ቀጣዩ ጎርፍ ያንኑ አፈር ጠርጎ ኩሬው ውስጥ ይከተዋል። ግንቦት ላይ ኩሬውን ስትጠርጉ አካፋው የተጠቀጠቀውን ወለል ሲነካ አቁሙ፤ እሱን ከፋቃችሁ ውሃው ይሰርጋል። የወጣውን ደለል ጠርዙ ላይ አትከምሩት፣ ማሳ ላይ በትኑት።

ከወልድያ፦ የእኛም ይደርቃል፣ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለሐርቡ የመለስኩትን አንብብ። አፈሩን፣ ልኩን፣ የሌሊቱን መውረድ ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከኮምቦልቻ፦ ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ እንትከል? ዓሣስ?

መልስ፦ ባሕር ዛፍ በፍጹም። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃው መንገድ ይከፍታል፤ ሰርዶ ትከሉ። ስለ ዓሣ ዓሣ አርቢ ጠይቁ።

ከመርሳ፦ ማስተንፈሻውስ፣ የትርፍ ውሃ መውጫው?

መልስ፦ ከግድቡ አናት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በጎን በኩል ባልተነካ መሬት ላይ ይውጣ፤ ድንጋይ ይነጠፍበት። ውሃ በአናቱ ከፈሰሰ ግድቡ በአንድ ሌሊት ይሄዳል። መግቢያው ላይ ደለል ማስቀሪያውን እንዳትረሱ።