ወደ ግራ ሲጎትት ቀኙን ፍታ

አንድ አንባቢ ስለ 1965 ፎርድ ኤፍ-100 ፒክአፑ ጽፎልኛል። አራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነው፤ ሁለት ሸራዎች ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ከውስጥ እየገፉ ያቆሙታል። ሸራውን፣ ሞላውን፣ በዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፉትን የፊቶቹን የጎማ ሲሊንደሮች ራሱ ቀይሯል። አሁን ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ ግራ ይጎትታል። ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ ወለል አጠገብ ይደርሳል። ወዲያው ሲደገም ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ሦስት ጊዜ ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር አስወጥቷል፤ ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ እንደዋዛ አንድ ነገር ጣል አድርጓል፦ «ከሸራዎቹ ግማሾቹ አጠር ይላሉ። ሻጩ ደባልቆ የሰጠኝ መሰለኝ፤ እንደመጣልኝ ገጠምኳቸው።»

ወዳጄ፣ ችግርህ ያለው እዚያች የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። ሻጩ አላታለለህም። አጭሩና ረጅሙ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው።

በመጀመሪያ ግን አየር ማስወጣቱን ተው። አየር ቢኖር ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ልል ይሆን ነበር። ያንተ በሁለተኛው ድንጋይ ይሆናል። ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ተቀምጧል ማለት ነው። የመጀመሪያው እርግጫ ክፍተቱን በመዝጋት ብቻ ያልቃል። ይህ የማስተካከል ጉዳይ ነው፤ አሥር ጠርሙስ ዘይት ብታፈስ አይድንም።

ወደ ግራ መጎተቱን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ሮጦ የግራውን ጎማ ይፈታል። እኔ ቀኙን ነው የምፈታው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሚይዘው ጎማ አይደለም፣ የሚለግመው ነው። ግምቴን ልናገር፦ ቀኝ ፊት ላይ አጭሩ ሸራ ከኋላ፣ ረጅሙ ከፊት ገብቷል።

ለምን ይህን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩ ልንገርህ፤ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። በር ሥር ሽብልቅ ስትወሽቅ በሩ በገፋ ቁጥር ሽብልቁ ይብሱን ይጠብቃል አይደል? ይህ ፍሬንም እንደዚያ ነው። ሁለቱ ሸራዎች ከታች ከመኪናው ጋር አልታሰሩም። ባለ ጥርሷ ማስተካከያ ብቻ ታገናኛቸዋለች፤ እንደ ተንሳፋፊ ናቸው። ከላይ አንድ ወፍራም ፒን አለ። ፍሬን ስትረግጥ የፊተኛው ሸራ ታምቡሩን ይነካል። ታምቡሩ ወደፊት እየዞረ ስለሆነ ሸራውን ይዞት ወደ ታች ሊሄድ ይሞክራል። ሸራው በማስተካከያዋ በኩል የኋለኛውን ሸራ የታች ጫፍ ይገፋዋል። የኋለኛው ከላይ ፒኑ ስለሚያግደው መሄጃ የለውም። ያለው ምርጫ ታምቡሩ ላይ መወሸቅ ብቻ ነው። እግርህ ይጀምራል፣ የሚዞረው ጎማ ራሱ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ከባድ መኪና ያለ ምንም አጋዥ በሰው እግር የሚቆመው በዚህ ዘዴ ነው። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የኋለኛው ሸራ ስለሆነ ረጅሙ ልባስ፣ ማለትም ሸራው ላይ ተለጥፎ ታምቡሩን የሚፋቀው ክፍል፣ ለእሱ ተሰጠው። በብዙዎቹ ላይ የልባሱ ዓይነትም ይለያያል። ስለዚህ አጭሩ ወደ መኪናው አፍንጫ፣ ረጅሙ ወደ ኋላ። በአራቱም ጎማ እንደዚያው ነው። አንዱ ጎማ ላይ ብታገላብጠው ያ ጎማ ከባልንጀራው እኩል አይይዝም፤ መሪው ደግሞ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ሥራው። ጎማዎቹን በድንጋይ አግድ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንጠልጥለህ ሥር አትግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርግ። ታምቡሩን ስታወጣ ደግሞ ብናኙን ልንፋ ብለህ ኮምፕሬሰር እንዳታነሳ! የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። ታምቡሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ብናኝ ሳንባ ከገባ አይወጣም፤ በሽታው ብቅ የሚለው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በውኃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን በላስቲክ አስረህ ጣል። «ሸራውን እኮ ቀይሬዋለሁ» እንዳትለኝ። አሮጌው ብናኝ የትም አልሄደም።

አንዱን ጎማ ስትፈታ ሌላውን እንዳለ ተወው፤ ግራ ከተጋባህ እሱን ታያለህ። የሲሊንደሩን የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ አድርግ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ያፈሳል። የኋላዎቹን እንዳልቀየርክ ነው የገባኝ፤ እነሱንም እይ። ይህ መኪና አራቱንም ጎማ የሚመግበው በአንድ የዘይት መስመር ነው። አንድ ሲሊንደር ፈነዳ ማለት ፍሬን የለም ማለት ነው። የሲሊንደር ጎሚኒ ደግሞ በቤንዚን አትጠብ፤ ያብጣል። በፍሬን ዘይት እጠበው።

ሞላው አዲስ ነው ብለሃል። አሮጌውን ጣልከው እንዴ? ካልጣልከው ከአዲሱ ጋር አስተያየው። አሁን በርካሽ የሚሸጡት ስብስቦች አንዳንዴ ሞላ ሳይሆን የተጠማዘዘ ሽቦ ናቸው። አንዴ ሲሞቁ ይለጠጣሉ፣ ከዚያ ሸራውን መመለስ ያቅታቸዋል። ጥሩ አሮጌ ሞላ ከመጥፎ አዲስ ይሻላል። የእጅ ፍሬኑንም ገመድ ተመልከት። ካንተ በፊት የነካው ሰው ሸራውን ከማስተካከል ገመዱን እየሳበ ኖሮ ይሆናል፤ ይህን ብልሃት ስንቱ መኪና ላይ አይቼዋለሁ! ገመዱ ከተወጠረ የኋላ ጎማዎቹ ሸራ ላይኛው ፒን ላይ አይቀመጥም። ሸራው ካልተቀመጠ ደግሞ ማስተካከሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን ሙሉ በሙሉ አላላ።

ታምቡሩ ብዙ ጊዜ ቶርኖ ገብቶ ከሆነ ሰፍቷል፤ አዲሱ ሸራ መሃሉን ብቻ ይነካል። ለማወቅ ታምቡሩን ከውስጥ ጠመኔ ቀባው፣ ግጠመው፣ በእጅ እያዞርክ ፍሬን አስረግጥ፣ ፍታው። ጠመኔው ሸራው መሃል ላይ ብቻ ከታየ ያዝኩት በል። ዱሮ ሸራውን በማሽን ሞርደው ለታምቡሩ ልክ ያበጁት ነበር። አንተ ግን በሞረድም በብርጭቆ ወረቀትም እንዳትሞክር፤ ስለ ብናኙ ነግሬሃለሁ። ልኩን የሚያውቅ ቤት ውሰደው፣ ወይም ታምቡሩን ቀይር።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ከፍሬኑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ባለ ጥርሷን ማስተካከያ አዙር። ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል አጥብቅ። ፔዳሉን አንድ ሁለት ጊዜ እርገጥ፤ ሸራዎቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ጥቂት ጥቂት መልስ። ጎማው ሲዞር ሸራው በትንሹ ሲያሽ ከሰማህ እዚያ ላይ አቁም። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አስተካክል።

ሰው በሌለበት ሜዳ ቀስ ብለህ ሞክረው። ፔዳሉ በመጀመሪያው እርግጫ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ወደ ግራ ከጎተተ ወደ ቀኙ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ቱቦ ቀይር። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ አብጦ የሚዘጋ ቱቦ ብዙ ነው። ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ እንደልቡ አይደርስም፣ ቢደርስም ቶሎ አይመለስም። ከሄድክ በኋላ ቀኙ ጎማ ከሌላው ይበልጥ ከጋለ ጥርጣሬህ ልክ ነው።