ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ጋራዥ የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ያኔ ሥራዬ ቡሎን በናፍጣ ማጠብና ለትልልቆቹ ሻይ ማምጣት ነበር። ዛሬ ጉልበቴ እንደ ድሮው መኪና ሥር አያስገባኝም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የእናንተን እጅ ነው የማየው። አንድ ነገር ደጋግሜ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

መኪና ይመጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የፍሬን መብራት በርታለች፣ ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለባት። የእጅ ፍሬን ወርዷል፣ እሷ ግን አልጠፋችም። ልጁ ኮፈን ይከፍታል። የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል። ይሞላዋል። መብራቷ ትጠፋለች፣ ባለመኪናው አመስግኖ ይሄዳል።

እኔም እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ። ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረች። ባለቤቷ በነጋታው ደብረ ማርቆስ ሠርግ ስላለበት ቸኩሏል። ዘይቱን ሞላሁለት፣ መብራቷ ጠፋች፣ ሸኘሁት። ጎማ አልፈታሁም፣ መኪናዋ ሥር እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እስከ ዓባይ ወንዝ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ እግር ከፍሬን ላይ አይነሳም። ሰውዬው ግማሽ ላይ ሲደርስ ፔዳሉ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ደግነቱ የመኪና ፍሬን ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይቀራል። በቀረችው ግማሽ ፍሬን፣ በአንደኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገለ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆማት። ሰው አልተጎዳም።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ተጭና መጣች። የቀኝ የኋላ ጎማዋን ፈትቼ ታምቡሩን፣ ፍሬኑን የሚሸፍነውን ክብ ብረት፣ ሳወጣው ውስጡ ርሷል። ታምቡሩን ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። እዚያ ውስጥ ሸራውን በዘይት ግፊት የምትገፋው ትንሿ ፖምፓ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒዋ (ላስቲኳ) ተበልቷል። በጎማው የውስጥ ጎን ደግሞ ዘይቱ የወረደበት መስመር አቧራ ይዞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንን መስመር ለማየት የእጅ ባትሪ ይዞ አንድ ደቂቃ መንበርከክ ይበቃ ነበር። ባለቤቱ አልጮኸብኝም። "እሷ እኮ ነግራህ ነበር" አለኝ፣ ወደ ዳሽቦርዱ እያመለከተ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሞተር ዘይት ሊቃጠል ይችላል፣ ስለዚህ መጉደሉ አያስደንቅም። የፍሬን ዘይት ግን ዝግ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ የሚሄድበት የለም። ከጎደለ ወይ ሸራ አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሸራ ሲሳሳ እሱን የሚጫነው ፒስተን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከኋላው የሚተወውን ባዶ ቦታ ዘይቱ ይሞላዋል፣ ኮፈኑ ሥር ባለው የዘይት ቋት ውስጥ ያለው ይቀንሳል። አዲስ የፊት ሸራ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጊዜው አልፏል በሉ። እንዲህ ከሆነ ዘይት አትጨምሩ፤ ሸራውን ቀይሩ። ፒስተኑን ወደ ቦታው ስትመልሱት ዘይቱ በራሱ ከፍ ይላል። ቀድማችሁ ከሞላችሁት ግን ሞልቶ ይፈስና የሞተር ክፍሉን ቀለም ይልጠዋል። በዚህ የተነሳ የደንበኛ ፓራፋንጎ ከኪሱ ያስቀባ ልጅ አለ፣ ስሙን አልናገርም፣ ራሱ ያውቀዋል።

ሸራው ደህና ከሆነ ፍሳሹን እስክታገኙ መኪናውን አትልቀቁ። አራቱንም ጎማ፣ ቱቦዎቹን፣ ማስተሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋናው ፖምፓ፣ ከኋላው ማላቡንም አለማላቡን እዩ።

ለመጨመር ተራው ሲደርስም የቋቱን ክዳን አንብቡ። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል፣ የፍሬን ዘይቱ ዓይነት ነው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጠብ ካለበት ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ከማስተሩ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነው የምትቀይሩት። ሼልፍ ላይ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም አትጠቀሙ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዓባይ በረሃን ወይም ጣርማ በርን እየወረደ ያለ የጋለ ፍሬን ላይ ከፈላ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። እኔ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት እላለሁ፣ ባለመኪናው ቢያጉረመርምም።

ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቷ ከበራች ነገሩ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የቋቱን ሶኬት ንቀሉ። ከጠፋች ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ቋቱ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ተጣብቆ ይሆናል። ካልጠፋች ወደ እጅ ፍሬኑ ሂዱ፣ ሥሩ ያለችውን ስዊች ሽቦ ንቀሉ። አንዲት እህት ቪትዟን ይዛ መጥታ "ማስተር ይቀየር ተብያለሁ" አለችኝ። የእጅ ፍሬኑ ሥር የአንድ ብር ሳንቲም ገብቶ እጀታው እስከ መጨረሻው አይወርድም ነበር። ሳንቲሙን ሰጠኋት። ሂሳብ አልተቀበልኩም፣ ምን ብዬ ልቀበል?

የፍሬኗ መብራትና የባትሪው መብራት አብረው ከበሩ፣ በተለይ በድሮ የጃፓን መኪኖች፣ ፍሬኑን ተዉትና ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ መርምሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ፍሬን ፈትቻለሁ። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ከፍሬኗ መብራት ጋር አብሮ ከበራ ደግሞ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ እስከዚያው ባለመኪናው አይንዳት፣ በድንገት ሲረግጥ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ሊያዙበት ይችላሉ።

መኪና ለምትነዱትም አንድ ቃል። መብራቷ በርታ ፔዳሉ ዝቅ ካለ ወይም ከለሰለሰ "ጋራዥ ድረስ ቀስ ብዬ ልሂድ" አትበሉ። አቁሙ፣ ጫኝ መኪና ጥሩ።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ደግሞ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ አዙሩና ዳሽቦርዱን እዩ። የፍሬኗ መብራት ያኔ መብራት አለባት፣ የእጅ ፍሬን ቢወርድም በብዙ መኪኖች ላይ ለጥቂት ሰከንድ ትበራለች። መብራቷ ሲሰለቸው ጥቁር ፕላስተር የሚለጥፍባት አለ፣ አምፖሏን ነቅሎ የሚጥልም አለ። እጀታውን ስባችሁም ካልበራች፣ ሻጩ "ይቺ መኪና ምንም ችግር የለባትም" ሲላችሁ አምፖሏን የት እንዳደረጋት ጠይቁት።